የቺፍተን ታንክ ሽያጭ፤ ሻጭ በገዢው ገንዘብ ስለ ታሰረበት ውል የቀረበ ትችት

ስለ ጦር መሣሪያ ንግድ በተነሣ ቍጥር በመካከላችን አንድ አስተያየት ሳይመረመር ሲያልፍ እሰማለሁ። ይኸውም ታንክን የመሰለ ከባድ መሣሪያ ለውጭ አገር ሠራዊት የሸጠ መንግሥት ገዢውን በገመድ አስሮ ይዞታል የሚለው ነው። ሞተሩ ሲሰበር መለዋወጫው የሚገኘው ከሻጩ ዘንድ ነው፤ ጥይቱም ሲያልቅ እንዲሁ፤ መካኒኩን የሚያስተምረውና የጥገናውን መጽሐፍ የሚያዘጋጀው እርሱ ነው። ስለዚህ ገዢው ዋጋውን ከፍሎ ታንኩን ቢረከብም ቍልፉ በሻጩ ኪስ ቀርቷል ይባላል።

አስተያየቱ ያለ ምክንያት የተነሣ አይደለም። በ1977 (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው) የሶማሊያ ሠራዊት ከሶቪየት ኅብረት ባገኛቸው ታንኮች ኦጋዴንን በወረረ ጊዜ ሻጩ ፊቱን ወደ ኢትዮጵያ አዞረ፤ ሞቃዲሾም በኖቬምበር ወር የሶቪየት አማካሪዎችን ስታባርር የመለዋወጫውና የጥይቱ ምንጭ አብሮ ደረቀ። ኢትዮጵያም ራሷ በዚያው ዓመት ከአሜሪካ ገዝታ ያልተረከበችው መሣሪያ ቀርቶባታል። ገመድ የሚባለው ነገር መኖሩን እንግዲህ አልክድም።

የምተቸው አስተያየቱ ግማሹን ብቻ ስለሚያይ ነው። ገዢው ገንዘቡን አስቀድሞ የከፈለ፥ ሻጩም ፋብሪካውን፥ አልፎ ተርፎም የራሱን ሠራዊት የነገ ታንክ በዚያ ገንዘብ ላይ የመሠረተ እንደ ሆነ፥ ማን ማንን እንዳሰረ መለየት ያስቸግራል። ለዚህ ማስረጃ የማቀርበው እንግሊዝ ቺፍተን የተባለውን ታንክና ተከታዮቹን ለኢራን ለመሸጥ ከ1971 ጀምሮ የገባችውን ውል ነው። ውሉ የተፈረመው በሻህ መሐመድ ሬዛ ፓህላቪ ዘመን ነው፤ ሒሳቡ የተዘጋው ግን በማርች 2022 ነው። ግማሽ ምዕት ዓመት የፈጀ ሽያጭ ከንግድነት አልፎ ሌላ ነገር ሆኗል ማለት ነው፤ ያ ሌላ ነገር ምን እንደ ሆነ መመርመር ይገባል።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፥ ከታንኩ ልጀምር። ቺፍተን በ1960ዎቹ አጋማሽ ወደ እንግሊዝ ሠራዊት የገባ፥ ክብደቱ 55 ቶን የሚያህል፥ 120 ሚሊ ሜትር መድፍ የተሸከመ ታንክ ነው። በመድፉና በብረቱ ውፍረት በዘመኑ ከነበሩት የምዕራብ አገር ታንኮች የሚስተካከለው ጥቂት ነበር። ችግሩ የነበረው በሞተሩ ላይ ነው። ሌይላንድ ኤል 60 የተባለው ሞተር ናፍጣም ቤንዚንም ሌላም ነዳጅ እንዲያቃጥል ታስቦ በመሠራቱ፥ ሁሉን ልቻል ብሎ አንዱንም በደኅና የማይችል ሆነ። ጕልበቱ ለክብደቱ አነሰ፤ ብልሽቱም በዛ። ቺፍተን ለመተኰስ በሚመች ቦታ ላይ እስከ ተበላሸ ድረስ ከዓለም አንደኛ ነው እያሉ ወታደሮቹ ይቀልዱ እንደ ነበር ይነገራል። የእንግሊዝ ሠራዊት ከዚህ ታንክ የወሰደው 900 ገደማ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ። የታንክ ፋብሪካ እንደ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ለማንኛውም ሸማች የሚሠራ አይደለም። ዋናው ሸማች አንድ ነው፤ እርሱም የአገሩ መንግሥት ነው። ያ መንግሥት የሚያስፈልገውን ገዝቶ በቃኝ ካለ ለብዙ ዓመት ሌላ አይፈልግም። በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ወፍራም ብረት መበየድ የሚያውቀው ሠራተኛ ሌላ ሥራ ይይዛል፥ መሐንዲሱ ይበተናል፥ መኪናው ይዝጋል፤ አዲስ ታንክ ባስፈለገ ቀን የሚሠራው ሰው አይገኝም። ስለዚህ ታንክ የሚሠራ አገር የውጭ ገዢ የሚፈልገው ለትርፍ ብቻ ሳይሆን ፋብሪካውን በሕይወት ለማቆየት ነው። ይህን ያወቀ ገዢ በገበያው ላይ እንደ ለማኝ አይቆምም። በሊድስ ከተማ ይገኝ የነበረው የመንግሥት የጦር መሣሪያ ፋብሪካም ከዚህ ሥጋት ነጻ አልነበረም።

ከመጀመሪያዎቹ እጩ ገዢዎች አንዷ እስራኤል ነበረች። ሁለት ቺፍተኖች ለሙከራ ወደዚያ ተልከው በበረሃ ተነድተዋል፤ የእስራኤል መኰንኖችም በጦር ሜዳ ያገኙትን ልምድ ለእንግሊዝ መሐንዲሶች አካፍለዋል። ዳሩ ግን የዐረብ አገሮችን ወዳጅነት እናጣለን የሚለው ወገን በሎንዶን አሸንፎ በ1969 ሽያጩ ተከለከለ። በዚያው ዓመት የንጉሥ ኢድሪስ ሊቢያ ቺፍተን ለመግዛት ተስማምታ ሳለ፥ በሴፕቴምበር 1 ቀን ወጣት መኰንኖች ንጉሡን ከዙፋን አወረዱ፤ እንግሊዝም ታንኮቹን ለአዲሶቹ ሰዎች ሳታስረክብ ቀረች። እስራኤል የሰው እጅ ማየት ይቅርብኝ ብላ በጄኔራል እስራኤል ታል መሪነት መርካቫ የተባለውን ታንክ ራሷ መሥራት ጀመረች። ሊቢያ ደግሞ ወደ ሶቪየት ታንክ ዞረች። ሁለቱም ትምህርት ናቸው፤ የሊቢያው ግን ይበልጥ ግልጽ ነበር። ከንጉሥ ጋራ የተዋዋለ ሻጭ ንጉሡ በወረደ ማግሥት ታንኩን ለማን እንደሚያስረክብ አያውቅም። ይህ ከታየ ሁለት ዓመት ቢያልፍ ነው፥ ከሌላ ንጉሥ ጋራ ከዚያ እጅግ የሚበልጥ ውል የተፈረመው።

የእንግሊዝ መንግሥት ከስዌዝ በስተ ምሥራቅ ያለውን ጦሩን እስከ 1971 መጨረሻ እንደሚያስወጣ በ1968 አስታውቆ ነበር። የፋርስን ባሕረ ሰላጤ ማን ይጠብቅ የሚለው ጥያቄ ሲነሣ ሻሁ እኔ አለሁ አሉ። በ1971 ኢራን 707 ቺፍተን አዘዘች። ሻጩ ሚልባንክ ቴክኒካል ሰርቪስስ የተባለ፥ በኋላ ኢንተርናሽናል ሚሊታሪ ሰርቪስስ ተብሎ ስሙ የተለወጠ ድርጅት ነው። ስሙ የኩባንያ ስም ይሁን እንጂ ባለቤቱ መንግሥት ነበር። ስለዚህ ኋላ ዕዳው ሲጠየቅ ባለዕዳው ኩባንያ ነው ቢባልም ከፋዩ ሌላ ሊሆን አይችልም ነበር።

ከ1973 መጨረሻ እስከ 1974 መጀመሪያ ባሉት ጥቂት ወራት የነዳጅ ዘይት ዋጋ ወደ አራት እጥፍ ከፍ አለ። ቴህራን ገንዘብ ሞላት፤ ሎንዶን ደግሞ በዋጋ ንረትና በሥራ ማቆም ትታመስ ነበር። በዚህ ጊዜ ነው ትልቁ ትእዛዝ የመጣው። 185 የተሻሻሉ ቺፍተኖች፥ 125 ሺር 1፥ 1,225 ሺር 2፥ ከእነዚህም ጋራ የተበላሸ ታንክ የሚጎትቱና የሚጠግኑ 250 ብረት ለበስ መኪናዎች ይሠሩ ተባለ። ሺር በፋርስ ቋንቋ አንበሳ ማለት ነው። ዋጋው 650 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል ሲሆን፥ ገንዘቡ ታንኮቹ ሳይሠሩ አስቀድሞ ይከፈል ጀመር።

አንባቢው ቍጥሩን ይደምረው። የመጀመሪያው 707 ከኋለኛው 1,535 ጋራ 2,242 ይሆናል፤ ይህም የእንግሊዝ ሠራዊት ራሱ ከያዘው ቺፍተን ከሁለት እጥፍ በላይ ነው። ይህን ውል የሚያመሰግኑ ሰዎች እስከ ዛሬ አልጠፉም። ለሺሕ ሠራተኞች እንጀራ ሆኗል፥ ለአገሪቱም የውጭ ምንዛሪ አግኝቷል፥ ውሉን ያበላሸው ማንም አስቀድሞ ሊያውቀው የማይችል አብዮት ነው ይላሉ። በበኩሌ ይህን አልቀበልም። አብዮቱ የሚመጣበትን ቀን ማንም ሊያውቅ አይችልም ነበር፤ እውነት ነው። ሆኖም ሻጩ በአንድ ሰው ፈቃድ ላይ እንደ ቆመ ለማወቅ ትንቢት አያስፈልገውም ነበር። ስንት ታንክ፥ ምን ዓይነት ታንክ፥ በስንት ዓመት የሚለውን የሚወስኑት ሻሁ ራሳቸው ነበሩ። ከአንድ ሰው ጋራ ብቻ የተነጋገረ ሻጭ አገር ገዛኝ ሊል አይገባውም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመው የሺር 2 ነገር ነው። የኢራን ሠራዊት በመጀመሪያዎቹ ቺፍተኖች ሞተር ተማርሮ ነበር፤ አቧራውና ሙቀቱ ደግሞ ችግሩን አባባሰው። ስለዚህ ለአዲሱ ታንክ የሮልስ ሮይስ 1,200 የፈረስ ጕልበት ያለው የናፍጣ ሞተር ተመረጠለት፤ መወዝወዣውም በጋዝና በዘይት የሚሠራ አዲስ ዓይነት ሆነ። አካሉ ደግሞ ቾብሃም በተባለው፥ ከብረትና ከሌላ ጠንካራ ነገር በንብርብር በሚሠራው አዲስ ጋሻ ይሸፈን ተባለ። ይህ ጋሻ በእንግሊዝ አገር የተፈለሰፈ፥ አሠራሩም በጥብቅ የተጠበቀ ምስጢር ነበር። የእንግሊዝ ታንከኛ ግን በዚያን ጊዜ በአሮጌው ቺፍተን ላይ ተቀምጦ ነበር። በሌላ አነጋገር፥ በአገሩ የተፈለሰፈውን ከሁሉ የሚሻል ጋሻ ከፈልሳፊው ወታደር በፊት እንዲለብሰው የታሰበው የውጭ አገር ወታደር ነው። ለራሱ ሠራዊት ኤም ቢ ቲ 80 የተባለ ሌላ ታንክ በወረቀት ላይ እየተነደፈ ነበር፤ የሚሠራበት ገንዘብ ግን አልነበረም። ገንዘቡ የነበረው በቴህራን ነው። ሻጩ ገዢውን አስሯል የሚለው አስተያየት እዚህ ላይ ምን ይመልሳል? የሻጩ መሐንዲሶች ሐሳባቸውን የሚቀርጹት በገዢው ፍላጎት ነበር።

ስለ ደላሎቹ ብዙ አልልም። ለኢራን ከተሠሩት ታንኮች ሬድዮ ጋራ በተያያዘ ጉቦ አንድ የእንግሊዝ ሌተና ኮሎኔል በ1978 በሎንዶን ተፈርዶበታል። ትልቅ ገንዘብ ባለበት ጉቦ መኖሩ አዲስ አይደለም፤ ስለ ጦር መሣሪያ ንግድ የሚጻፈው ትችት ግን በጉቦ ላይ ብቻ ሲያተኵር ዋናው ነገር ያመልጠዋል። አንድ ሳንቲም ጉቦ ባይኖርበትም ይህ ውል መጥፎ ውል ነበር።

በጃንዋሪ 1979 ሻሁ ከአገር ወጡ፤ በፌብሩዋሪ አብዮቱ ድል አደረገ፤ የታንኩም ውል ቀረ። በዚያን ጊዜ ከመጨረሻው ትእዛዝ የተረከበችው እነዚያን 185ቱን የተሻሻሉ ቺፍተኖች ብቻ ነበር። ሺሮቹ አንዱም አልሄዱም። በሊድስ መሥመሩ ተዘርግቷል፥ ብረቱ ተገዝቷል፥ ሠራተኛው ተቀጥሯል፤ ገዢው ግን የለም።

ከዚህ በኋላ የሆነው ለትችቴ ዋና ማስረጃ ነው። በዚያው በ1979 ዮርዳኖስ 274 ሺር 1 ልትወስድ ተስማማችና ታንኩ ስሙ ካሊድ ተባለ። ሺር 2ን ደግሞ የእንግሊዝ መንግሥት ራሱ ወሰደው። በ1980 ኤም ቢ ቲ 80 ተሰረዘ፤ ለሻሁ የተነደፈው ታንክ ጥቂት ተሻሽሎ ቻሌንጀር በሚል ስም ታዘዘ፤ በ1983 ወደ ሠራዊቱ ገባ፤ በመጨረሻም ቍጥሩ 420 ደረሰ። ይህ የሆነው ሠራዊቱ ከታንኮች ሁሉ መርጦት አይመስለኝም፤ ታንኩ ስላለና ፋብሪካው ባዶ እንዳይቀር ስለ ተፈለገ ጭምር ነው። ለሌላ የተሰፋ ልብስ ደግሞ ልክ አይሆንም። በ1987 በኔቶ አገሮች መካከል በተደረገው፥ የካናዳ ሠራዊት ዋንጫ በሚባለው የታንክ ተኵስ ውድድር የቻሌንጀር ቡድን የመጨረሻውን ቦታ ያዘ። ጋሻው ወፍራም፥ መወዝወዣውም ጥሩ ነበር፤ ዐልሞ በፍጥነት መተኰስ ላይ ግን ከአሜሪካና ከጀርመን ታንኮች ኋላ ቀረ። ለእውነቱ ያህል መናገር ያለብኝ፥ በ1991 በኢራቅ ጦርነት ይኸው ታንክ ስሙን አድሷል፤ በጠላት ተኵስ አንድም ሳይጠፋ፥ ወደ አምስት ኪሎ ሜትር ከሚጠጋ ርቀት የኢራቅን ታንክ እስከ መምታት ደርሷል። ከ1999 ጀምሮም 400 የሚያህሉት ለዮርዳኖስ ተላልፈው አል ሑሴን ተባሉ። በኢራን ገንዘብ የተጀመረው አንበሳ አንዱም ልጁ ኢራን ሳይደርስ መቅረቱን አንባቢው ይታዘብ። ዮርዳኖስ በኢራንና በኢራቅ ጦርነት የኢራቅ ደጋፊ እንደ ነበረችም አብሮ ያስታውስ።

ኢራን በፊት የተረከበቻቸው ቺፍተኖችስ? በሴፕቴምበር 1980 ኢራቅ ስትወርር ለጦርነት ወጡ። በጃንዋሪ 1981 በሱሳንገርድ አካባቢ በተደረገው የታንክ ውጊያ የኢራን ብረት ለበስ ክፍለ ጦር በቂ እግረኛ ሳያስከትል ተከታትሎ ገባ፤ ታንኮቹ ከመንገድ ሲወጡ በጭቃ ተያዙ፤ ብዙዎቹም እዚያው ቀሩ ወይም ተማረኩ። ለዚህ ጥፋት ታንኩን ብቻ መክሰስ አይገባም። ልምድ የነበራቸው መኰንኖች ከአብዮቱ በኋላ ተገድለዋል፥ ታስረዋል፥ ተሰደዋል፤ መለዋወጫውም አጥሯል። ስለ ገመዱ የሚነገረው እዚህ ላይ በከፊል ልክ ነው። ሆኖም መለዋወጫ የከለከለው ሻጭ በኢራን ላይ ምን ሥልጣን አገኘ? ጦርነቱ ስምንት ዓመት ቆየ፤ ቴህራን መለዋወጫ ስላጣች ለሎንዶን አልታዘዘችም። ገመዱ ሲሳብ ተበጠሰ፤ የተበጠሰ ገመድ ደግሞ ማንንም አይጎትትም። በእንግሊዝ እጅ የቀረው ገንዘቡ ብቻ ነበር።

እንግዲህ ወደ ገንዘቡ ልመለስ። ጥያቄው በትምህርት ክፍላችን ስለ መንግሥት ባሕርይ ስንማር ከምናነሣው ጥያቄ የተለየ አይደለም። የገዛው ማን ነው? ሻሁ ናቸው እንዳይባል ገንዘቡ የኢራን የነዳጅ ዘይት ገንዘብ ነው። አዲሱ መንግሥት ነው እንዳይባል ውሉን የፈረመው እርሱ አይደለም። የሕጉ መልስ ግን ግልጽ ነው፤ መንግሥት ሲለወጥ አገር አይለወጥም፤ ንጉሡ የገባው ዕዳም ሆነ ንጉሡ የሰጠው ቀብድ ለተተኪው ያልፋል። ይህ ሕግ ለኀያላን መንግሥታት አዲስ አይደለም፤ ለወደቀ ንጉሥ ያበደሩትን ከተተኪው ሲጠይቁ ራሳቸው የሚጠቅሱት ነው። በዚህ ጕዳይ ሕጉ ወደ እነርሱ ፊቱን ሲያዞር ነው ክርክሩ የረዘመው።

ክርክሩ በፓሪስ ባለው በዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት የግልግል ዳኝነት ታይቶ በ2001 ለኢራን ተፈረደ። የእንግሊዝ ወገን በኔዘርላንድ ፍርድ ቤቶች ተከራከረ፤ በ2002 በሎንዶን ፍርድ ቤት ገንዘብ አስያዘ፤ ነገር ግን አልከፈለም። በ2008 የአውሮጳ ኅብረት በኢራን መከላከያ ሚኒስቴር ላይ ማዕቀብ ሲጥል፥ አሁን መክፈል ሕግ ይከለክለናል የሚል ምክንያት ተገኘ። በ2019 ደግሞ በማዕቀቡ ዘመን ስለሚታሰበው ወለድ በሎንዶን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ተከራክረው ወለዱ አይከፈልም ተባለ። በሕግ መንገድ መከራከር መብት ነው፤ አልነቅፍም። የምነቅፈው የቀኑን ቅደም ተከተል ነው። ፍርዱ በ2001 ተሰጠ፤ ማዕቀቡ በ2008 መጣ። በመካከሉ ባሉት ሰባት ዓመታት መክፈልን የሚከለክል ማዕቀብ አልነበረም፤ የከለከለው አለመፈለግ ነው።

ባለዕዳ ሲያዘገይ ባለገንዘብ መያዣ ይፈልጋል። እዚህ ላይ ትችቴ ወደ ሌላው ወገን ይዞራል። በጃንዋሪ 2016 የአሜሪካ መንግሥት ከአብዮቱ በፊት ኢራን ከፍላ ስላልተረከበችው መሣሪያ 400 ሚሊዮን ዶላርና 1.3 ቢሊዮን ዶላር ወለድ ለመክፈል ተስማማ፤ የመጀመሪያው ክፍያና በቴህራን ታስረው የነበሩ አሜሪካውያን መፈታት በአንድ ሰሞን ሆነ። ዋሽንግተን ነገሩ ቤዛ አይደለም አለች። በአፕሪል ወር የእንግሊዝና የኢራን ዜግነት ያላት ናዛኒን ዛጋሪ ራትክሊፍ ቤተ ዘመድ ጠይቃ ስትመለስ ከሕፃን ልጇ ጋራ ሳለች በቴህራን አየር ማረፊያ ተያዘች። በ2017 አኑሼህ አሹሪ የተባለ ሌላ ሰው ተያዘ። ለሎንዶንም ዕዳው ከእስሩ ጋራ ግንኙነት የለውም ማለት ለብዙ ዓመታት መልስ ሆነ። ቴህራን ደግሞ ክሱ የፍርድ ቤት ነገር ነው ትል ነበር።

ሰውን በዕዳ መያዣነት ማሰር ወንጀል ነው፤ የተፈረደለት ገንዘብ ያለው መንግሥት ቢያደርገውም ወንጀልነቱ አይቀርም። ግን ይህን ማለት የሌላውን ወገን ጥፋት አይሸፍንም። ቴህራን ይህን መያዣ የያዘችው ሎንዶን ሕጋዊ መሆኑን የማትክደውን ዕዳ ሳትከፍል በመቆየቷ ነው፤ ቢያንስ ለመያዙ ሰበብ አበድራታለች። አንዱ የእንግሊዝ ኩባንያ ሊሸጥ ካሰበው ታንክ ጋራ ምንም ያልነካካት፥ ውሉ ሲፈርስ አንድ ዓመት እንኳ ያልሞላት ሴት ስድስት ዓመት ከፈለችበት።

ዕዳውና እስሩ አይገናኙም የሚለው መልስ በማርች 16 ቀን 2022 በተግባር ተሻረ። የውጭ ጕዳይ ሚኒስትሯ ሊዝ ትረስ 393.8 ሚሊዮን ፓውንድ መከፈሉን በዚያ ቀን አስታወቁ፤ ሁለቱም እስረኞች በዚያው ቀን ከኢራን ወጡ። ጕዳዮቹ ጎን ለጎን ሄዱ እንጂ አንዱ የሌላው ዋጋ አይደለም ተባለ። ጎን ለጎን የሚሄዱ ሁለት ሰዎች በአንድ ሰዓት ከአንድ በር ከወጡ አብረው ነበሩ ቢባል ስሕተት አይመስለኝም።

ታዲያ ምን ቢደረግ ይሻል ነበር? ትችት የሚጽፍ ሰው ይህን ሊጠየቅ ይገባዋልና በአጭሩ ልመልስ። የቅድሚያው ገንዘብ ወደ ፋብሪካው እንደ ገባ ከሚበላ ይልቅ በሦስተኛ ወገን እጅ ተቀምጦ በተረከቡት ታንክ ልክ ቢለቀቅ ኖሮ፥ በ1979 የሚያጣላው ገንዘብ ጥቂት በሆነ ነበር። ሻጩ ግን በዚህ አይስማማም ነበር፤ ገንዘቡን የፈለገው ሠርቶ ለመቀበል ሳይሆን ተቀብሎ ለመሥራት ነውና። ሻሁም ቢሆኑ እንዲህ ያለ ጥንቃቄ አልጠየቁም፤ የሚያማክሩት ሸንጎ ቢኖር ምናልባት ይጠይቅ ነበር። ገንዘቡ የማን እንደ ሆነ በውሉ ላይ የሚናገር ሰው በሁለቱም ወገን አልነበረም። የኢራን ሕዝብ ከ1,350 ሺሮች አንዱን አላየም፤ የእንግሊዝ ግብር ከፋይም ከ1979 በኋላ የዚያን ገንዘብ ወለድ እንደሚከፍል የነገረው የለም።

በ2022 የተከፈለው ገንዘብ ለሰብአዊ ርዳታ ዕቃዎች ግዢ ብቻ እንዲውል ተወስኖ ተላከ። በዚያን ቀን ከእስር ቤት ወጥቶ የነበረው ሦስተኛው ሰው፥ የእንግሊዝም የአሜሪካም የኢራንም ዜግነት ያለው ሞራድ ታህባዝ፥ ከጥቂት ቀን በኋላ ወደ እስር ቤት ተመለሰ። የተለቀቀው በሴፕቴምበር 2023 ነው፤ በዚያን ጊዜ ደግሞ በደቡብ ኮሪያ ታግዶ የነበረ 6 ቢሊዮን ዶላር የሚያህል የኢራን የነዳጅ ዘይት ገንዘብ ወደ ካታር ባንክ እንዲዛወር ተደርጓል።